የቆርቆሮ ፊደል

«ይሄ ፊደል፣» አለ አማካሪው፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ገጽ በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካካ፣ «ሳሙና መጠቅለያ ላይ አለ፣ የቀብር ማስታወቂያ ላይ አለ፣ ሽንት ቤት በር ላይ አለ። የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም። እውነቱን ለመናገር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሠራው ነገርም አይመስለኝም፤ እንደ አቧራ ዝም ብሎ የመጣ ነው።» ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሰባት ሰዎች ስድስቱ ሳቁ።

ያልሳቀችው ገጽ አቀናባሪዋ ናት። በመሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ «ባሩድ» ይላታል፣ ክብሪት እስኪጫር ስለማትጠብቅ። ያን ዕለት ጠዋት ግን ባሩዱ እርጥብ ነበር። አቧራ የተባለውን ፊደል የሣለችው የገዛ አክስቷ ናት፣ የእናቷ ታላቅ እህት። አክስቷ በዚያው ሰዓት ከመሥሪያ ቤቱ በአውቶቡስ በሚደረስ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የልብስ ቁልፍ በየቀለሙ እየለየች ነው። ይህን ለመናገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ባሩድ አፏን ከፈተች፤ መልሳም ገጠመችው። የፈራችው አማካሪውን አይደለም። ሰዎቹ ሳቃቸውን መሃል ላይ ቆርጠው በአዘኔታ ሲያዩአት ታያት፤ ከአዘኔታ ደግሞ ሳቁ ይሻላታል።

አሳታሚ ቤቱ በየዓመቱ የአንደኛ ክፍል ማንበቢያ ያወጣል። ለሃያ ሁለት ዓመት መጽሐፉ የታተመው በዚሁ ፊደል ነው። በኮምፒውተሩ የፊደል ቅርጾች ዝርዝር ውስጥ «መደበኛ» ይባላል፤ ማንም ሳይመርጠው ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። ዘንድሮ ሥራ አስኪያጇ የድርጅቱን መልክ ከላይ እስከ ታች ልትቀይር ተነስታለች፤ አዲስ አርማ፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ሽፋን። አማካሪውን የቀጠረችውም ለዚሁ ነው። እሱም ከአርማው ጋር አንድ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ፊደል ይዞ መጥቷል፤ ከቢሮው በር እስከ ሕፃናቱ መጽሐፍ ድረስ ሁሉም በዚያ እንዲጻፍ ይፈልጋል። ውሳኔው ዛሬ ነው፤ ነገ ገጹ መቀናበር ይጀምራል። ባሩድ አንድ ነገር ብቻ ነው የገባት፦ «መደበኛ» ዛሬ ከማንበቢያው ከወጣ፣ አክስቷ በሕይወቷ ከሠራችው ሥራ የሚቀራት ሳሙናውና ሽንት ቤቱ ነው።

«ገጽ አቀናባሪዋስ ምን ትላለች?» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ቀኑን ሙሉ አብረሽው የምትውይው አንቺ ነሽ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ስጡኝ።»

«ለምኑ?»

«የማንም አይደለም የተባለው ልክ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?» አለ አማካሪው፣ እውነት ለማወቅ የፈለገ ሰው ይመስላል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን አየች። «ዘጠኝ ማለት ዘጠኝ ከአምስት ማለት አይደለም፣ እንዳትረሺ።»

ኮሪደሩ ላይ አራሚው ደረሰባት። ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር የቀረው፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። «ልጄ፣ ቆይ እስቲ፣ ምን ልታመጪላቸው ነው?» አላት። ፎቶ አንስታ ልትመጣ እንደሆነ ነገረችው፤ ፊደሉ የት የት እንዳለ ታሳያቸዋለች፣ ምን ያህል ሰው እንደሚያነበው፣ ምን ያህል ሰው እንደሚያምነው። «እሱስ ደህና፣» አለ ሽማግሌው፣ «ግን የኔ የልጅ ልጅ በዚህ መጽሐፍ ስታነብ ጣቷን ስታንፏቅቅ ብታያት ጉንዳን የምትቆጥር ነው የሚመስልሽ…» ባሩድ ግን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወርዳ ነበር።

ከተማውን ከዚህ በፊት በዚህ ዓይን አይታው አታውቅም። ሰው በየቀኑ የሚያልፍበትን ግድግዳ አያነብም፤ ግድግዳው ነው ሰውን የሚያነበው። አሁን ግን ስልኳን እንደ ሽጉጥ ደግና ስትሄድ «መደበኛ» ከየአቅጣጫው ብቅ ይል ጀመር። መድኃኒት ቤቱ በእሱ ነው የተጻፈው፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ። ባንኩ አወፍሮ ወርቃማ አድርጎታል፤ ሀብታም ያገባ የድሃ ልጅ መስሏል። ፀጉር አስተካካዩ ከመስታወቱ ጥግ እስከ ጥግ ጎትቶታል። የታሸገ ውኃ ላይ አለ፣ የዳቦ ቤት ወረቀት ከረጢት ላይ አለ፣ «ግቢው ውስጥ ውሻ አለ» የሚል በር ላይ አለ፤ ውሻው ግን አልነበረም። መጽሐፍ መንገድ ዳር ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ቆማ አሥራ ሰባት ሽፋን ቆጠረች፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ጨጓራ ሕመም። ሻጩ «እኅቴ፣ ማየት በነፃ ነው፣ ፎቶ ግን ሃምሳ ብር ነው» አላት። ባሩድ መሳቅ ሲገባት ተሳደበች፤ እሱ ነው የሳቀው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አርባ አንድ ፎቶ ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች፣ ከፎቶው በላይ አንድ ነገር እንደሚቀራት ስላወቀች። ፊደሉን የሠራችው ሴት ራሷ መናገር አለባት። አክስቷ ሁለት መስመር ብትናገርና ብትቀዳት ይበቃል፤ «ይህን እኔ ሣልኩት፣ እንዲህ ደክሜበታለሁ፣ ከመጽሐፉ አታውጡብኝ»።

ቤታቸው ከእናቷ ልብስ ስፌት ጀርባ ያለ ክፍል ነው። ከስፌት ቤቱ በር በላይ እናቷ ያሠራችው ሰሌዳ አለ፤ ጽሑፉ ጭራው እንደ ሐረግ የሚጠማዘዝ ቀጭን ነገር ነው። እቤቷ ውስጥ ፊደል የምትሥል እህት ተቀምጣላት እናቷ ከሌላ ሰው ማሠራቷ ባሩድን ከልጅነቷ ጀምሮ ሲከነክናት ኖሯል። እህቶቹ ስለዚያ ሰሌዳ ሲነጋገሩ ሰምታ አታውቅም። አክስቷ በየቀኑ ከሥሩ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ቀና አትልም። ባሩድ በመሃላቸው የቆየ ቂም እንዳለ ከደመደመች ቆይታለች፤ ቂሙንም ለራሷ በሦስት በአራት ዓይነት ተርካዋለች፣ አንዱ ውስጥ ወንድ አለበት።

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ «በሥራ ሰዓት ምን ሆነሽ ነው? አባረሩሽ?» አለቻት። አጠገቧ ግማሽ የተሰፉ ሱሪዎች ተከምረዋል። «የዚፕ ዋጋ በአንድ ሳምንት እጥፍ ሆነ፣ አንቺ ደግሞ ተባረሽ ነይልኝ።»

«አልተባረርኩም። እታለም የለችም?»

እታለም የምትላት አክስቷ ነበረች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ቀጥ ብላ ስትቀመጥ በማስመሪያ የተሰመረች ትመስላለች። በወጣትነቷ የአንድ የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት ንድፍ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። የጣቢያዎቹን ሰሌዳ የሚጽፉት ቀለም ቀቢዎች ሁሉም በየራሳቸው እጅ ስለሚጽፉ ተሳፋሪው ግራ ተጋባ፤ አለቃዋም አንድ ወጥ ፊደል እንድትሥል አዘዛት። በሁለት ዓመት ሣለችው። ኮምፒውተር ሲመጣ አንድ ቴክኒሻን ፊደሎቿን አስገባና ፋይሉን «መደበኛ» አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ፣ ሲገለበጥ፣ የትም ደረሰ። ሌባ የለውም። ለዚህ ነው ተከሳሽም የሌለው።

ባሩድ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ አማካሪውን፣ ሳቁን፣ አቧራውን፣ ዘጠኝ ሰዓትን። አክስቷ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ የሩቅ ዘመድ ልጆች ፎቶ እንደምታይ ሴት፣ ይሄ አድጓል፣ ይሄ ከስቷል በሚል ፊት። ከዚያ ባሩድ ከቦርሳዋ ያወጣችላትን ማንበቢያ ተቀበለች። ባሩድ ስልኳን መቅጃው ላይ አድርጋ ጠበቀች። አክስቷ ገጹን አፍንጫዋ ድረስ አቀረበችው፣ ክንዷን ዘርግታ አራቀችው፣ ደግማ አቀረበችው። በሌላኛው ክፍል የስፌት መኪናው ቆመ።

«ሰውየው እውነቱን ነው፣» አለች።

«የቱ ሰውዬ?»

«አማካሪያችሁ። ይውጣ።»

«እታለም!»

«ይውጣ ነው የምልሽ። እኔ ይህን ለቆርቆሮ ነው የሣልኩት። ፀሐይ የሚበላው፣ ዝናብ የሚያዝገው፣ ሰው ከሚሮጥ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ የሚያነበው ቆርቆሮ። ለዚህ ነው እግሩን ያወፈርኩት፣ አንገቱን ያሳጠርኩት። እንዲህ አሳንሰሽ እንዲህ ያለ ሻካራ ወረቀት ላይ ስታትሚው ቀለሙ እግሮቹ መሃል ይሞላል። እስቲ እዪው፣ ይሄ ፊደል ነው ወይስ የዝንብ ኩስ? የስድስት ዓመት ልጅ በዚህ ማንበብ ከለመደ እሱ ነው ጎበዙ።»

ባሩድ መቅጃውን አጠፋችው። ቀኑን ሙሉ የተሸከመችው ንዴት በድንገት ባለቤት አጣ፤ ባለቤት ያጣ ንዴት ደግሞ ቅርብ ያለውን ነው የሚይዘው። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆች በዚህ ሲያነቡ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች አክስቷ። ምሬት የለበትም፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ የምትናገር ይመስላል።

«እኔ ጠይቄሻለሁ፣» አለች እናቷ ከበሩ። «ለሰሌዳዬ ለምኜሽ ለዚህ በር አይሆንም አልሽኝ።»

«አይሆንማ። በሩ ጠባብ ነው። የኔ ፊደል ትከሻው ሰፊ ነው፣ እዚያ ላይ ታፍኖ ይሞት ነበር። ቀጭን ፈልጊ አልኩሽ።»

«እኔም ሰምቼሽ ቀጭን ፈለግኩ፣» አለች እናቷ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ።

ቂሙ ይኸው ነው። ባሩድ በሦስት በአራት ዓይነት የተረከችው ታሪክ፣ ወንዱም ጭምር፣ በአንድ ክር ተበጠሰ። ሁለቱ ሴቶች ያልተነጋገሩት የሚነጋገሩበት ነገር ስላልነበረ ነው፤ አንዷ ባለሙያ መከረች፣ ሌላዋ ምክር ሰማች፣ በቃ። ጠረጴዛው ላይ ቀዩ ቁልፍ ለብቻው፣ ጥቁሩ ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው ተከምሯል። የመንገዱ ጫጫታ በመስኮቱ ገብቶ ክፍሉን ሞላው። ባሩድ ስልኳን ኪሷ ከተተችና ለአክስቷ ከብዙ ዓመት በፊት መቅረብ የነበረበትን ጥያቄ ጠየቀች።

«ለመጽሐፍ የሚሆን ትሥያለሽ?»

አክስቷ አንድ ሰማያዊ ቁልፍ አንስታ የቱ ክምር ላይ እንደምታስቀምጠው የጠፋት መሰለች። እናቷ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። አሮጊቷ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው።

«ጫማዬ የት ነው?» አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ከመስኮቱ ዳር ተቀመጠችና እስኪወርዱ ድረስ አፏ አላረፈም። ባሩድ ይህን ሁሉ ቃል በአንድ ዓመት ውስጥ ከአክስቷ ሰምታ አታውቅም። «ይሄን ፀጉር ቤት ተመልከቺልኝ፣ እንደ ማስቲካ ጎትቶታል፣ ልጅ በጆሮው ሲጎተት አይተሽ ታውቂያለሽ? ባንኩ ምን ነካው፣ እንዲህ ካወፈሩት አየር ከየት ያገኛል? መድኃኒት ቤቱ ግን፣ እዪው፣ ጨዋ ነው፤ በመሃሉ ክፍተት ትቶለታል፤ ሰው ተሟሙቶ ሲመጣ ከሩቅ ያየዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ነው የተወለደው።» ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰውዬ በጣቷ አቅጣጫ እየዞረ አብሮ ያያል፤ በመጨረሻ አላስችል ብሎት «እትዬ፣ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ነዎት?» አላት። «የለም፣» አለች፣ «ወላጅ ነኝ።»

ዘጠኝ ከአራት ላይ ስብሰባ ክፍሉ ገቡ። ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን አሳየቻት፤ ከባሩድ ኋላ የገባችውን አሮጊት ስታይ ግን እጇን አወረደች። ባሩድ አርባ አንድ ፎቶዋን ሳታወጣ፣ ጠዋት ያቃታትን ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ማንም በአዘኔታ አላያትም። ከወንበሩ ብድግ ያለው አማካሪው ነው፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ።

«እማማ፣ እኔ… እርስዎ ነዎት እንዴ…»

«አቧራዋ እኔ ነኝ፣» አለች አክስቷ፣ እጇን እየዘረጋችለት። «እማማ ግን ለቤትህ ይሁን፣ እዚህ ሥራ ላይ ነን። አዲሱን ፊደልህን አሳየኝ።»

አሳያት። በወፍራም፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የታተመ ናሙና ነው። አክስቷ ለረጅም ጊዜ አየችውና ያምራል አለች፤ ያምር ነበርም። ከዚያ ማንበቢያው በምን ወረቀት ላይ እንደሚታተም ጠየቀች። አራሚው ከኪሱ ያወጣ ያህል ፈጥኖ አንድ ሻካራ፣ ግራጫ መሳይ ወረቀት አመጣላት። «እዚህ ላይ አትሙልኝ፣ ልጆቹ በሚያነቡበት መጠን።» ባሩድ ሮጣ አትማ ተመለሰች። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ወረቀቱ ላይ ተበጣጥሰዋል፤ ፊደሎቹ በብዙ ቦታ እግራቸው ጠፍቶ አየር ላይ ተንሳፍፈዋል። አሮጊቷ ወረቀቱን ከድሮው ማንበቢያ ጎን አስቀመጠችው።

«ይሄን ስትገዛ ለምን የተሣለ ነው አሉህ?»

«ለሽቶ ማስታወቂያ፣» አለ አማካሪው።

«ያንተ የጠርሙስ ነው። የኔ የቆርቆሮ ነው። ሁለቱም በየቦታቸው ጨዋ ናቸው። የልጁስ የታለ?»

አራሚው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ስለ ልጅ ልጁና ስለ ጉንዳኑ አሁን ተናገረ፣ በዚህ ጊዜ ግን ሰው ሰማው። ሥራ አስኪያጇ ሁለቱን ወረቀቶች እያፈራረቀች አየች፤ ለልጆች መጽሐፍ ስታሳትም የኖረች፣ ልጆች እንዴት እንደሚያዩት ግን ጠይቃ የማታውቅ ሴት ፊት ነበር ፊቷ፤ ይህን ለመሸሸግ አለመሞከሯ ያስከብራታል። «ስንት ጊዜ ይፈጅብዎታል?» አለች።

«አራት ወር። ሦስት ካላችሁኝ ሦስት ወር የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ።»

«ነገ ገጽ መቀናበር ይጀምራል ተብሏል እኮ።»

«ሥዕሎቹን አስቀድሜ እደረድራለሁ፣» አለች ባሩድ። «ጽሑፉ ይደርስልኛል። እጠብቃለሁ።» እጠብቃለሁ የሚል ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩአት።

«ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባቱን እኔ እሠራዋለሁ፣» አለ አማካሪው፣ አሁንም ቆሞ። «እርስዎ እየነገሩኝ። አርማው ቀጭኑ ይሁን፣ መጽሐፉ ግን…»

«መጽሐፉ ለልጁ፣» አለች አክስቷ። «በዚሁ ወረቀት ነው የምሞክረው፣ በሚያብረቀርቀው አይደለም። ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር እየተቀመጥኩ፣ ጣታቸው የት እንደሚደናቀፍ እያየሁ። ዋጋውን ደግሞ ከእህቴ ጋር ተነጋገሩ፤ ዚፕ ሻጮቹን ሁሉ ያስለቀሰች ናት።»

«ስሟ መጽሐፉ ላይ ይገባል፣» አለች ባሩድ።

«አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ልሥራው።»

«ይገባል እንጂ፣» አለ አራሚው። «የኔ ስም በየዓመቱ ይወጣ የለ፣ ካረምኩት ያሳለፍኩት ስህተት እየበዛ።»

ሥራ አስኪያጇ በውስጠኛው ገጽ፣ ከደራሲዎቹ ሥር እንደሚገባ ቃል ሰጠች፤ ቃሏም ቃል ብቻ እንዳይሆን ጸሐፊዋን ጠርታ አጭር ስምምነት አስጻፈች። ወረቀቱ መጣ። አክስቷ እስክሪብቶ ተቀብላ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ስሟን ጻፈች። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየችው፣ ወደ ጎን አዘነበለችው፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ፣» አለች በመጨረሻ፣ «ምን ይላል?»

ባሩድ አንገቷን አስግጋ ተመለከተች። በቤታቸው የሚጻፈውን ሁሉ የምትጽፈው እናቷ ናት፤ የአክስቷን የእጅ ጽሑፍ ያን ዕለት ገና ማየቷ ነው። ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። አንዱ ፊደል በሌላው ላይ ተንጠልጥሏል፣ መስመሩ ዳገት ይወጣና ሳይጨርስ ይወርዳል።

«ድሮም እንዲህ ነኝ፣» አለች አክስቷ፣ ቅንጣት ሳታፍር። «ታዲያ ፊደል ወደ መሣል ምን የወሰደኝ መሰላችሁ?»

መጀመሪያ አማካሪው ሳቀ፤ ከዚያ ሥራ አስኪያጇ፤ ከዚያ ሁሉም፣ አሮጊቷ ራሷ ጭምር። ባሩድ ወረቀቱን ከጸሐፊዋ ተቀበለች። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ጸሐፊዋ እየጻፈች እንድትደርስባት ቀስ እያለች፣ የአክስቷን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ አንድ በአንድ አነበበች።